ከተጫዋችነት ወደ ጨዋታ ሠሪነት፦ የቪዲዮ ጌም ንድፍን በክፍል ውስጥ ለማስተማር

ተማሪዎችዎ ጌም ይወዳሉ። ከትምህርት ቤት ሲወጡ በፕሌይስቴሽን ቤት ደጃፍ ተኮልኩለው የሚመለከቱት፣ በእረፍት ሰዓት በአንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው የሚከራከሩት ስለዚሁ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ፍቅር የትምህርት ጠላት አድርገን ስንታገለው ኖረናል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንኑ ፍቅር ወደ ሥራ መለወጥ ለሚፈልግ መምህር ነው፤ የአይሲቲ መምህርም ይሁኑ የሒሳብ ወይም የሥነ ጥበብ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር እንስማማ። ጌም መንደፍና ኮድ መጻፍ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ንድፍ ማለት ሕግ ማውጣት፣ ሌላ ሰው በዚያ ሕግ ሲጫወት ማየት፣ ባዩት መሠረት ሕጉን ማረም ነው። ኮድ ይህን ሕግ ለማሽኑ የምንነግርበት መንገድ ነው። ተማሪን በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ካስቀመጥነው የሚማረው ቁልፍ መጫን ብቻ ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ ሕግ ማውጣትንና ማረምን ከተማረ ግን ኮምፒውተሩ ሲመጣ ምን እንደሚያዝዘው ያውቃል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ የመጀመሪያዎቹ አምስት ክፍለ ጊዜዎች ኤሌክትሪክ እንኳን አይፈልጉም።

ዝግጅት

መርሐ ግብሩ ለ12 ክፍለ ጊዜ የተዘጋጀ ሲሆን ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ይስማማል። ጊዜው እንዲህ ይከፋፈላል፦ ጨዋታን ለመፍታትና ሕግ ለመለወጥ 2፣ በወረቀት ለመንደፍ 2፣ ለሙከራ 1፣ በኮምፒውተር የጋራ ጨዋታ ለመሥራት 2፣ ለመለካት 1፣ የራስን ጨዋታ ለመሥራት 3፣ ለማሳያ ቀን 1። በመደበኛው ፔሬድ ካልተመቸዎት በአይሲቲ ክበብ ሊያካሂዱት ይችላሉ።

ለመጀመሪያው ክፍል ወረቀት፣ መቀስ፣ ቆርኪ ወይም ጠጠር፣ ካርቶን ይበቃል። ለሁለተኛው ክፍል ስክራች የተባለውን ፕሮግራም ያዘጋጁ። ስክራች በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሚዲያ ላብ ውስጥ ተሠርቶ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ የተለቀቀ፣ ትእዛዞችን በጽሑፍ ፋንታ ባለ ቀለም ብሎኮችን በማገጣጠም የሚያስጽፍ ነጻ ፕሮግራም ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ቅጂ አንድ ጊዜ አውርደው በፍላሽ ወደ ላቡ ኮምፒውተሮች ሁሉ መጫን ይችላሉ። ከሚሰጣቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የላቡ ኮምፒውተሮች በጣም ያረጁ ከሆነ የቀድሞው ስክራች 1.4 እዚህ ለተጠቀሰው ሥራ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ የሚያውቁትን ጨዋታ ያስፈቱ

ተማሪዎችን ወደ ግቢ ያውጡና ሰኞ ማክሰኞ ያጫውቷቸው። ከ10 ደቂቃ በኋላ ወደ ክፍል መልሰው አምስት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፦

1. ግቡ ምንድን ነው? አንድ ሰው አሸነፈ የሚባለው መቼ ነው?
2. ተጫዋቹ ምን ማድረግ ይችላል? መወርወር፣ በአንድ እግር መዝለል፣ ጎንበስ ብሎ ማንሳት።
3. ምን ይከለከላል? መስመር የረገጠ ለምን ይቃጠላል?
4. ከባዱ ነገር የቱ ነው? እየቆየ ሲሄድ ለምን ይከብዳል?
5. ዕድል የሚወስነው ምኑን ነው? ችሎታ የሚወስነውስ?

እነዚህ አምስቱ የማንኛውም ቪዲዮ ጌም አጥንት ናቸው፤ ከዚህ በኋላ በእያንዳንዱ ደረጃ ወደ እነርሱ ይመለሳሉ። ተማሪዎቹ ይህን ጨዋታ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ሕጉን በቃላት ዘርዝሩ ሲባሉ ግን ይጣላሉ። «ጠጠሩ መስመር ላይ ቢያርፍስ?» ብለው ይጠይቁ፤ ከየሰፈሩ የተለያየ መልስ ይመጣል። ክርክሩን አያቋርጡት። ሕግ በግልጽ ካልተጻፈ ጨዋታ እንደሚፈርስ የሚገባቸው በዚህ ክርክር ነው።

ደረጃ 2፦ አንድ ሕግ ብቻ ያስለውጡ

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በአራት በአራት ይከፋፍሏቸውና ይህን ሥራ ይስጡ፦ «ከሰኞ ማክሰኞ ሕጎች አንዱን ብቻ ለውጡ። ሁለት መለወጥ አይፈቀድም። ከዚያ ተጫወቱና ምን እንደተለወጠ ጻፉ።» አንዱ ቡድን ጠጠሩ በግራ እጅ ይወርወር ይላል፤ ሌላው ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ይዝለል ይላል። የመጀመሪያው ለውጥ ጨዋታውን ያከብደዋል፤ ሁለተኛው ግን ፉክክሩን ወደ መተባበር ይለውጠዋል። አንድ ሕግ የሰዎችን ግንኙነት እንደሚቀይር እንዲያስተውሉ ያድርጉ።

ይህን በገበጣም መድገም ይቻላል። ጉድጓዱና ጠጠሩ ያው ሆኖ አጨዋወቱ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ልዩ ልዩ የገበጣ ዓይነቶችን ሰብስበዋል። ተማሪዎችዎ አያቶቻቸውን ጠይቀው አንድ አንድ አጨዋወት ይዘው እንዲመጡ ያድርጉ። የጨዋታ ንድፍ ከውጭ የመጣ ሙያ እንዳልሆነ፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የራሳቸው ሀብት እንደሆነ ይረዱበታል።

ደረጃ 3፦ በወረቀት ያስነድፉ

አሁን እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ጨዋታ ይፈጥራል፤ በወረቀት ብቻ። ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የንድፍ ገጽ እንዲሞሉ ያድርጉ፦ የጨዋታው ስም፣ ተጫዋቹ ማን ነው፣ ግቡ፣ ተጫዋቹ የሚያደርገው አንድ ዋና ነገር፣ እንቅፋቱ፣ መቼ ይሸነፋል፣ መቼ ያሸንፋል።

ትልቁ ትግልዎ ምኞታቸውን ማሳነስ ይሆናል። መኪና የሚነዳበት፣ ተኩስ ያለበት፣ ኳስም የሚጫወትበት ከተማ እንሥራ የሚል ቡድን አይጠፋም። ምኞታቸውን አያጣጥሉት፤ «ከዚህ ሁሉ ተጫዋቹ ደጋግሞ የሚያደርገው አንድ ነገር የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ በአንድ ግሥ እስኪገለጽ ድረስ ይግፏቸው፦ ይዘላል፣ ይሸሻል፣ ይሰበስባል፣ ያሻግራል። በኢትዮጵያ ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት የሠራው «ኩኩሉ» የስልክ ጨዋታ በዋናነት የሚያርፈው በአንዲት በምትሮጥ ዶሮ ላይ ነው። አንድ ግሥ በደንብ ከተሠራ ጨዋታ ይወጣዋል።

ታሪኩ ከሕይወታቸው እንዲመጣ ያበረታቱ፦ በታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቦታን መጠበቅ፣ ጀሪካን ሳያፈስሱ ውኃ ማድረስ፣ ዝንጀሮን ከማሳ ማባረር። ከሌላ አገር ጌም ቀድቶ መጀመር ለልምምድ አይከፋም፤ የራሳቸውን ዓለም በጨዋታ ሲያዩ ግን ዓይናቸው ሌላ ነው።

ደረጃ 4፦ ዝም ብሎ የማየት ክፍለ ጊዜ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ አጥብቀው እንዲይዙ ብመክርዎ ይህን ነው። ቡድኖቹ ወረቀታቸውን ይቀያየራሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን የሌላውን ጨዋታ ይጫወታል። ሕጉ አንድ ነው፦ ጨዋታውን የሠራው ቡድን አፉን ይዘጋል። አያስረዳም፣ አያርምም፣ በጣቱ አይጠቁምም። ቆሞ ያያል፣ ይጽፋል።

የሚጽፉት ሦስት ነገር ነው፦ ተጫዋቹ ግራ የተጋባው የት ላይ ነው? የሳቀው ወይም የጮኸው መቼ ነው? መጫወት የሰለቸው መቼ ነው? ልጆቹ መናገር ያንገበግባቸዋል። «እንደዚያ አይደለም!» ለማለት ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። ያኔ ቀስ ብለው ይህን ይንገሯቸው፦ ጨዋታችሁ ነገ ሌላ ከተማ ያለ ልጅ እጅ ሲገባ እናንተ አጠገቡ አትኖሩም፤ እናንተ የምታስረዱትን ወረቀቱ ማስረዳት አለበት።

በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች እያንዳንዱ ቡድን አንድ ለውጥ መርጦ በለውጥ ማስታወሻው ላይ ይጽፋል፦ ምን አየን፣ ምን ለወጥን፣ ለምን። ይህ ማስታወሻ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል። እርስዎም በዋናነት የሚያርሙት እርሱን ነው።

ደረጃ 5፦ ሁሉም አንድ ዓይነት ጨዋታ በስክራች ይሥራ

ወደ ላብ ሲገቡ በቀጥታ ወደየራሳቸው ጨዋታ አይለቀቁ። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ቀላል ጨዋታ ይሥራ፦ ከላይ የሚወድቅ ማንጎን በቅርጫት መቀበል። የስክራች መድረክ ወርዱ 480፣ ቁመቱ 360 ነጥብ ነው፤ መሐሉ ዜሮ ስለሆነ ኤክስ ከ-240 እስከ 240፣ ዋይ ከ-180 እስከ 180 ይሄዳል። የሒሳብ መምህሩ ያስተማሩት የኤክስና የዋይ ሰንጠረዥ እዚህ ነፍስ ይዘራል።

ሥራው በአራት እርምጃ ይጠናቀቃል፦

1. ቅርጫቱን ዋይ -140 ላይ ያስቀምጡ። የቀኝ ቀስት ከተጫነ ኤክስን በ10 ይጨምር፤ የግራው ከተጫነ በ10 ይቀንስ።
2. ማንጎው ዋይ 180 ላይ፣ ኤክሱ ከ-200 እስከ 200 ባለው በማንኛውም ቦታ በዘፈቀደ ይታይ። ከዚያ ዋይን ደጋግሞ በ5 ይቀንስ።
3. ማንጎው ቅርጫቱን ከነካ ነጥብ በ1 ይጨምርና ማንጎው ወደ ላይ ይመለስ።
4. የማንጎው ዋይ ከ-170 ካነሰ ሕይወት በ1 ይቀንስና ማንጎው ወደ ላይ ይመለስ። ሦስቱ ሕይወት ሲያልቅ ጨዋታው ይቁም።

ሁለት ስህተት በብዙ ኮምፒውተር ላይ ያጋጥምዎታል። አንደኛው፣ ቅርጫቱ በመንቀጥቀጥ ይሄዳል፤ ቁልፉ ሲጫን አንዴ ጎተት ብሎ ይቆምና ከዚያ ይቀጥላል። ይህ የሚሆነው «ይህ ቁልፍ ሲጫን» በሚለው መነሻ ብሎክ ሲጠቀሙ ነው። መፍትሔው በማያቋርጥ ድግግሞሽ ውስጥ «ቁልፉ ተጭኖ ከሆነ» የሚለውን ጥያቄ ማስገባት ነው። ሁለተኛው፣ ጨዋታው እንደገና ሲጀመር ነጥቡ ካለፈው ይቀጥላል። አረንጓዴዋ ባንዲራ ስትጫን ነጥቡን ወደ 0፣ ሕይወቱን ወደ 3 የሚመልስ ትእዛዝ ያስጨምሩ። መልሱን ግን ወዲያው አይንገሯቸው፤ አስቀድመው «ኮምፒውተሩ አሁን ምን እያደረገ ይመስላችኋል?» ብለው ይጠይቁ።

ኮምፒውተር ለሁሉም ካልደረሰ፣ ማለትም 12 ኮምፒውተር ለ50 ያህል ተማሪ ከሆነ፣ አራት አራት ሆነው ይቀመጡ፦ አንዱ ማውሱን ይይዛል፣ አንዱ የንድፍ ገጹን ይዞ የሚሠራውን ይናገራል፣ አንዱ ሥዕልና ድምፅ ያዘጋጃል፣ አንዱ ስህተቶችን ይመዘግባል። በየ10 ደቂቃው ቦታ ይቀያየራሉ። ሰዓቱን እርስዎ ይያዙ፤ ካልያዙ ማውሱ ቀድሞ ኮምፒውተር በለመደው ልጅ እጅ ይቀራል፤ ሴቶች ልጆችም ብዙ ጊዜ ወደ ሥዕሉ ሥራ ይገፋሉ። ማንም ከአንድ ሥራ ላይ ተቸክሎ አይዋል።

ደረጃ 6፦ «ይከብዳል» የሚለውን በቁጥር ያስለኩ

ማንጎው የሚወድቅበትን 5 ወደ 8፣ ከዚያ ወደ 12 ይለውጡና ያጫውቷቸው። «በጣም ከበደ» ይላሉ። አሁን እርሳስ ያስይዟቸው።

ስክራች እንዲህ ያለውን ድግግሞሽ በሴኮንድ 30 ጊዜ ያካሂዳል። ማንጎው ከ180 እስከ -140 ለመድረስ 320 ነጥብ ይወርዳል። በ5 ከሆነ 64 እርምጃ፣ ማለትም ከ2 ሴኮንድ ትንሽ በላይ ይፈጅበታል። ቅርጫቱ ከ-200 እስከ 200 ለመድረስ 400 ነጥብ በ10 ይሄዳል፤ 40 እርምጃ ማለት ነው። ስለዚህ በ5 ሲወድቅ ተጫዋቹ ከዳር እስከ ዳር ሄዶም ይደርሳል። በ8 ሲወድቅ 320 ለ8 ሲካፈል 40 እርምጃ ይሆናል፤ ልክ ለልክ። በ12 ከሆነ ከ27 እርምጃ አይበልጥም፤ ቅርጫቱ በአንዱ ዳር፣ ማንጎው በሌላው ዳር ከሆነ የትኛውም ጎበዝ አይደርስበትም። የቅርጫቱ ስፋት ጥቂት ቢረዳውም ለዚያ ርቀት አይበቃም።

ከባድ ጨዋታና ፍትሕ የጎደለው ጨዋታ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ከባድ ጨዋታ ተጫዋቹን «ብጎብዝ ኖሮ» ያሰኘዋል፤ ፍትሕ የጎደለው ግን ተስፋ ያስቆርጠዋል። ተማሪዎቹ መፍትሔ ይፈልጉ፦ ቅርጫቱን እናፍጥን? ማንጎው ከቀድሞው ቦታ ብዙ ሳይርቅ ይታይ? ነጥብ 10 ሲደርስ ብቻ ይፍጠን? ሦስቱንም ሞክረው ቁጥሩን ይመዝግቡ። ማካፈልና ርቀት ጥቅማቸው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ በዚያ ቀን መልሱን ያገኛል።

ደረጃ 7፦ የራሳቸውን ጨዋታ ይሥሩ

በሦስቱ ክፍለ ጊዜዎች እያንዳንዱ ቡድን የወረቀት ንድፉን ወደ ስክራች ያመጣል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ቢያንስ ተጫዋቹ የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት፤ ሥዕሉ ተራ አራት ማዕዘን ቢሆንም ግድ የለም። በሁለተኛው ማሸነፍና መሸነፍ ይግባ። ሥዕል፣ ቀለምና ሙዚቃ ለሦስተኛው ይቆዩ። ይህን ቅደም ተከተል ካላስከበሩ ሁለት ክፍለ ጊዜ የጀግናውን ፀጉር በመሳል ያልቃል።

በዚህ ጊዜ ሦስት ታሪኮችን ያካፍሏቸው። የመጀመሪያው በ1972 (እ.ኤ.አ.) አታሪ ያወጣው ፖንግ ነው። ጨዋታውን የሠራው ኢንጂነር አለን አልኮርን የመምቻውን ሰሌዳ በክፍልፋይ ከፋፍሎ ኳሱ በሚነካው ቦታ ልክ አቅጣጫው እንዲለያይ አደረገ፤ መሐሉን ከነካ ቀጥ ብሎ፣ ጫፉን ከነካ ወደ ጎን ተሰንጥቆ ይመለሳል። አንዲት ሕግ ኳስ ከመመለስ አልፎ ማነጣጠርን ፈጠረች።

ሁለተኛው የ1978ቱ ስፔስ ኢንቬደርስ ነው። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የሠራበት ማሽን አቅሙ ትንሽ ስለነበር ጠላቶቹ ብዙ ሲሆኑ ይዘገያል፤ እየተመቱ ቁጥራቸው ሲቀንስ ማሽኑ ስለሚቀለው ይፈጥናሉ። ኒሺካዶ ይህን እንዳለ ተወው፤ ጨዋታው እየቆየ የሚያስጨንቅ ሆነ። ተማሪዎችዎ ያላሰቡት ነገር ሲፈጠር ከማጥፋታቸው በፊት «ይህ ጨዋታውን ያሳምረዋል ወይስ ያበላሸዋል?» ብለው እንዲጠይቁ ያስተምሯቸው።

ሦስተኛው የ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ መክፈቻ ነው። ሺገሩ ሚያሞቶና ባልደረቦቹ መመሪያ በጽሑፍ አላስቀመጡም። ጨዋታው እንደተጀመረ አንድ ጠላት ከቀኝ እየተራመደ ይመጣል፤ ያልዘለለ ይሞታል፤ እንደገና ለመጀመር ግን ያጣው ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። በሁለተኛው ሙከራ መዝለልን ያለ አስተማሪ ይማራል። ቡድኖቹን «ከጨዋታችሁ መግቢያ ላይ ጽሑፉን ብታጠፉት ተጫዋቹ በምን ያውቃል?» ብለው ይፈትኗቸው። በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ደግሞ የደረጃ 4ን ዝምታ ለአምስት ደቂቃ ይድገሙት።

መብራት ቢጠፋ ሥራው እንዳይቆም የንድፍ ገጹና የለውጥ ማስታወሻው ምን ጊዜም በደብተር ይሁን። ፋይሉንም በየ10 ደቂቃው፣ ማለትም በየቦታ ቅያሪው ያስቀምጡ።

ደረጃ 8፦ ማሳያ ቀንና ምዘና

በመጨረሻው ቀን ሌሎች መምህራንን፣ ወላጆችንና ከታች ክፍል ያሉ ልጆችን ይጋብዙ። እንግዶቹ ይጫወቱ፤ ተማሪዎቹ አሁንም ዝም ብለው ያያሉ፤ ከጨዋታው በኋላ ግን የሠሩትንና የለወጡትን ያብራራሉ።

ከ20 ነጥብ እንዲህ ቢያከፋፍሉ ይመከራል፦ ግልጽ ሕግ ያለው የንድፍ ገጽ 5፣ የለውጥ ማስታወሻ 8፣ የሚሠራ ጨዋታ 4፣ የሌላውን ቡድን ጨዋታ በጥንቃቄ መታዘብ 3። ለሥዕል ውበት ነጥብ አይስጡ። ትልቁን ነጥብ ለማስታወሻው መስጠትዎ፣ ጨዋታው ያልተሳካለት ነገር ግን ለምን እንዳልተሳካ የተረዳ ቡድን እንዳይጎዳ ያደርጋል። ቀድሞ በቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅና ከዚህ ላብ ውጭ ነክቶት የማያውቀው ልጅ የሚተካከሉትም በዚህ ነው።

ከወላጅና ከርዕሰ መምህር ጋር

«ትምህርት ቤትም ጌም ገባ?» የሚል ወላጅ ይኖራል፤ ሥጋቱም መሠረት አለው። በመጀመሪያው ሳምንት የንድፍ ገጹን ናሙና ይላኩለት። ልጁ የሚጽፍበትን፣ የሚያሰላበትን፣ ከጓደኞቹ ጋር የሚስማማበትን ሥራ በዓይኑ ያያል። በክፍል ውስጥ ደግሞ ሁለት ወሰን ያስምሩ፦ በገንዘብ ወይም በዕቃ መወራረድ ያለበት ጨዋታ አይሠራም፤ የማንንም ብሔር፣ ሃይማኖት ወይም አካል ጉዳት መሳለቂያ የሚያደርግ ጨዋታ አይሠራም። ምክንያቱን ከተማሪዎቹ ጋር ተወያይተው ይወስኑ፤ ሕግ ማውጣት የተማሩ ልጆች ለራሳቸው ክፍልም ያወጣሉ።

ስክራች ጠቦናል የሚሉ ተማሪዎች ሲገኙ ጎዶት ወደተባለው ነጻ የጌም መሥሪያ ይምሯቸው፤ እርሱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኮዱ የሚጻፍ ስለሆነ ሁለት ሁለት ሆነው በክበብ ቢጀምሩት ይሻላል።

ለመጀመር ላቡ እስኪሟላ አይጠብቁ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጠመኔ ይዘው ወደ ግቢ ይውጡ፣ ሰኞ ማክሰኞውን ያሥምሩ፣ አምስቱን ጥያቄዎች ይጠይቁ። ከዚያ አንድ ሕግ እንዲለውጡ ይፍቀዱላቸው። ሕግ የሚለወጥ ነገር መሆኑን፣ ለዋጩም እርሱ ሊሆን እንደሚችል ያወቀ ተማሪ ጌም ባይሠራ እንኳ ይህን ዕውቀት ወደ የትኛውም ሙያ ይዞት ይገባል።